ያልፋቅሁት ግድግዳ

ማርች 9፣ ረቡዕ
የሰሜን ዋልታው ብርድ ዛሬ ተመቸኝ። የዓሣ ነባሪ ቆዳ ቆርጬ በላሁ፣ ሻይ ደገምኩ። ማሳክ ደወለች፤ የእህቴ ልጅ፣ ተምራ ተምራ የአፈር ተመራማሪ የሆነችው። ቅዳሜ ትመጣለች። ከሥጋ ጓዳዬ፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ በሆነው መሬት ውስጥ ከተቆፈረው፣ ናሙና ልትወስድ...
«የምን ናሙና?»
«ከመሬት በታች፣ ግድግዳው ላይ የሚኖሩትን፣ አክስትዬ። በዐይን የማይታዩትን።»
«ጓዳሽ ጀርም አለው ልትዪኝ ነው?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ማርች 11፣ ዓርብ
ወይ ወገቤ! ጓዳውን ስፍቅ ዋልኩ። ዓሣ ነባሪው ከመምጣቱ በፊት በየዓመቱ ይጸዳል፤ ጓዳዋ ለቆሸሸ ሴት ራሱን አሳልፎ ለአደን አይሰጥም ይባላል። ዘንድሮ ቀደም አደረግሁት። ልጅቷ ያንን ሁሉ አሮጌ ደምና ውርጭ አይታ ምን ትለኛለች? ፍቄ ፍቄ አዲስ በረዶ አነጠፍኩበት።
አንድ ቦታ ብቻ አልነካሁም። ከመሰላሉ አጠገብ ያለውን የባለቤቴን የታሊሪክን የመዳፍ አሻራ። ጓዳውን ቆፍሮ የጨረሰ ዕለት ጭቃው ላይ እጁን ተጫነ፤ ጭቃው በረዶ ሆነ፣ የእጁ ቅርጽ ቀረ። እሱ ከሞተ ወዲህ፣ በወረድኩ ቁጥር እዚያ ጋ የማደርገውን... አልጽፈውም። ያሳፍራል።

ማርች 12፣ ቅዳሜ
ወረደች። ጮኸች። ያደነቀች መስሎኝ...
«አክስትዬ! ምን አድርገሽ ነው?»
«አጸዳሁልሽ!»
«ስንት ዓመት የኖሩትን እኮ ነው ያባረርሽብኝ!»
በረዶው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ምድሩ እየሞቀ ነው፣ ብርድ ለምደው የኖሩት ሳንተዋወቃቸው ሊያልቁ ነው አለችኝ። የብዙ ሰው ጓዳ ቀልጧል። የኔ ገና ደረቅ ስለሆነ ነበር የመጣችው። እኔ ደግሞ... ጉድ ሠራኋት።
ባትሪዋን ስታዞር መዳፉን አየችው።
«ይኼ አልተፋቀም!»
«እሱን አትንኪ!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

ማርች 13፣ እሁድ
ኩርፊያ። ሾርባ አቀረብኩላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ በቃ። ልጅ ሳለች ታሊሪክ ተሸክሟት ነበር ጓዳው የሚወርደው። መዳፉ ላይ ትንሽ እጇን እየለካች «መቼ ነው የሚሞላልኝ?» ትለው ነበር። ለካ እሷንም ይናፍቃታል። እንዴት አላሰብኩትም?
ከምሳ በኋላ መሰላሉን ያዝኩላት።
«ከትንሿ ጣት ብቻ። ከዚያ ካለፍሽ ያንቺን ጣት ነው የምቆርጠው!»
«እሺ እመቤቴ።»
በቀስታ ሰረሰረች። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ጁላይ 19፣ ማክሰኞ
ጓዳው ውሃ ገባው። ሥጋውን ጎረቤት ፍሪዘር አስገባን። ግድግዳው ተንዷል። መዳፉ የለም...
ለማሳክ አልደወልኩም። ምን ብዬ?

ኦገስት 18፣ ሐሙስ
ራሷ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ሆኗል።
«ከዚያች ከትንሿ ጣት የወጣውን ብታዪ! ዓይነታቸው አያልቅም። ስም እንኳ ያልወጣላቸው አሉ።»
«መዳፉ ቀልጧል፣ ማሳኬ።»
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«አክስትዬ፣ ሌላም አገኘሁ። ከሰው ቆዳ የመጡ።»
«የሱ?»
«ከሥር ያሉት የሱ ይመስሉኛል። ከላያቸው ግን የሌላ ሰው አለ። የብዙ ዓመት... እጅሽን ታስቀምጪበት ነበር እንዴ?»
ተያዝኩ! በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ጋለ።
«ያው... ደህና ዋልክ ወይ ለማለት ያህል ነው።»
አልሳቀችብኝም። የኔ ልጅ።
«ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?»
«እኛ ጋ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ከጓዳሽ በጣም የሚበርድ ቦታ። አይቀልጥም።»
«እኔም አብሬው?»
«አብራችሁ ናችሁ።»
ሻዬ በረደ። ዝም ብዬ ጠጣሁት። ደስ ብሎኛል።