የማታሳብቀው አሮጊት

ረቡዕ፣ ጥር 13

አዲሱ የጭነት መኪና መጣ። ሀጂ አብዱሰመድ በግ አሳርዶ ተቀበለው። እኔ ለዚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ስነዳ ዶሮ እንኳን አልታረደልኝም።

ነጭ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ክሊኒክ ይመስላል። ካቢናው ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን አለ። ቀበቶ ካላሰርክ ይጮሃል፣ በር ካልዘጋህ ይጮሃል። ዝም ብለህ ስትቀመጥም ይጮሃል፣ ምን አጥፍቼ እንደሆነ እሱ ይወቅ። የሺአረግ ካገባችኝ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ በአንድ ቀን እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም።

ሀጂ አሮጊቷን ለብረት ማቅለጫ ሊሸጣት ነው። አሮጊቷ የምንላት የድሮዋ መኪናችን ናት። ቁልፍ የላትም፣ ሁለት ሽቦ ስታነካካ ትነሳለች። የነዳጅ መለኪያዋ ከሞተ ቆየ... እንጨት ታንከሯ ውስጥ እሰዳለሁ፣ አወጣለሁ፣ እስከ የት እንደረጠበ አያለሁ። አለቀ። እንጨት ሴንሰር ተበላሸብኝ ሲል ሰማችሁ?

ሰኞ፣ ጥር 18

ጉድ ነው ዛሬ። መሪው ፊት ለፊት ትንሽ ካሜራ አለች። ሹፌር ሲያንቀላፋ ወይ ስልክ ሲያወራ ታያለች ተባለ። ከሰዓት ትንሽ ጫት ይዤ ስነዳ ስክሪኑ ላይ የስልክ ሥዕል በቀይ ተሰርዞ ብቅ አለ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ... ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው! ለካ ያበጠው ግራ ጉንጬ ነው፣ ስልክ መስሏታል። ወደ ቀኝ ጉንጬ አዛወርኩት። ዝም አለች።

ከፋብሪካ ሲወጣ ድሬዳዋ እንደሚመጣ ማን ይንገራቸው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የከሰዓቱ የጫት በርጫ ሽሬ ሱቅ ነበር። ሽሬ ጎሚስታ ነው፣ የግቢያችን ጎማ ሁሉ የሚነፋው እሱ ጋ ነው። ድሮ ግን የሀጂ ጋራዥ የፍሬን ሰው ነበር።

ምርቃናው ሲመጣ እንደተለመደው የደንገጎን ንገረን አሉኝ። ነገርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስነግረው እየጣፈጠ የሄደ ታሪክ ነው። አሮጊቷ ድንች ጭና ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ እምቢ ሲል... እኔ በማርሽ ይዤ፣ ከገደሉ አሽሽቼ፣ ተራራው ላይ አስደግፌ ሳስቆማት። "ያለ ፍሬን" የሚለው ስም የወጣልኝ ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ግማሹ ከተማ ገብረወልድ መባሌን አያውቅም።

ሽሬ ራሱን ነቀነቀ። "የዚያን ቀን ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ" አላቸው፣ "ይሄ ሰው ባይኖር የሰው ነፍስ በእጄ ይጠፋ ነበር።" ሁሌም እንዲህ ይላል። ከጋራዡ የተባረረው በዚያ ነው። በየዓመቱ ለአረፋ የፍየል ታፋ ይልክልኛል፣ ለምስጋና። እኔም እበላለሁ።

ይሄን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ስለዚህ... ፍሬኗ ደህና ነበር። ያንቀላፋሁት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ምን ቀለለኝ? ምንም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጠዋት ሽሬ ጎማ ነፋልኝና ለጀልዴሳ ሲሚንቶ ጭኜ ወጣሁ። አራግፌ ስመለስ ስክሪኑ ላይ የጠብታ ሥዕል መጣ። ለዱኒያ ደወልኩ። ዱኒያ ታይዋን ገበያ አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የምትጠግን ልጅ ናት፣ ሀጂ የአዲሱ ሐኪም አድርጎ የቀጠራት። ጭሱን የሚያጣራው የዩሪያ ፈሳሽ አልቋል አለችኝ። ታሽጎ የሚመጣውን ነገ ጠዋት ይዤልህ እመጣለሁ፣ እዚያው ቁም፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምር አለች።

ለዩሪያ ነገን ልጠብቅ? ጀልዴሳ ላይ? ገበሬው ሁሉ ማሽላው ላይ የሚበትነው ምን ሆነና! አብዲራሺድ የሚባል ገበሬ ቤት ገባሁ፣ ከማዳበሪያው አንድ ጣሳ ሰጠኝ። በባልዲ ውሃ በጠበጥኩት። በአንገት ልብሴም አጠለልኩት፣ በንጽሕና አልታማም። አሮጊቷ ራዲያተሯ ሲያፈስ እንቁላል ሰብሬ ጨምሬባት ድሬ ገብታለች። እንቁላል የበላች መኪና አለች፣ ይሄ ማዳበሪያ ቢበላ ምን ይሆናል?

ሞላሁለት። ጮኸ። ነዳሁት። ጮኸ። ስድስት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ መሄድ እምቢ አለ... እንደ አህያ ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ፣ መንገድ ዳር ቆመ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

የሕይወቴ ቀን! ሌሊቱን በሰው መኪና ተመልሼ፣ ለዱኒያ አትምጪ ብዬ ደውዬ፣ ጠዋት ሽቦዋን አነካክቼ አሮጊቷን አስነሳሁ። ሽሬን ይዤ ሄድኩ። እሱ አዲሱ መሪ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ በብረት ገመድ ጎተትኩ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሰው ሥራ ፈቶ ቆመ። ስልክ ያልደገነብን የለም። አሮጊቷ ጥቁር ጭሷን እየለቀቀች፣ ክሊኒኩን እየጎተተች... ጥሩምባዋን ነፋሁት። እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ።

ግቢ ስንገባ ሀጂ ግን አልሳቀም። ማን ነካው አለ። በራሱ ቆመ አልኩ። ትናንት ማንም አልነካውም? አለ እንደገና።

"ጠዋት ሽሬ ጎማ ነፍቶለት ነበር" አልኩ።

ውሸት ነው? አይደለም። ነፍቶለታል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሀጂ ሽሬን ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳይገባ ብሏል። "ያ እጁ" አለ፣ "ድሮም የታወቀ ነው።" የግቢው ጎማ ለሌላ ጎሚስታ ተሰጠ። ሽሬ ስድስት ልጅ አለው... ግማሽ እንጀራው ከእኛ ግቢ ነበር።

ወደ ማታ ራሱ ቤቴ መጣ። ሊጣላኝ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው! መኪናውን በክሪክ ስሰቅል የሆነ ሽቦ ነክቼ ይሆናል አለ። እጆቹን እያየ ነው የሚያወራው። የሺአረግ ሻይ ሰጠችው። እኔ ምን አልኩ? "አይዞህ" አልኩ። አይዞህ! ከሄደ በኋላ የሺአረግ ምን ሆነሃል አለችኝ። ደም ግፊት ነው አልኳት።

ሰኞ፣ ጥር 25

ዱኒያ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ገመድ ሰካች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ የእኛ ጊዜ መካኒክ ጆሮውን ኮፋኖ ላይ አድርጎ ነበር በሽታ የሚያውቀው እያልኩ እቀልዳለሁ። አልሳቀችም።

ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ሀጂ አዞረችው። ረቡዕ፣ አስር ሰዓት ከሃያ፣ ጀልዴሳ፣ የዩሪያ ታንኩ ተሞላ። ፈሳሹ ትክክለኛ አይደለም። ሹፌሩ ስድስት ጊዜ ተነገረው። ለስድስቱም ካሜራዋ ፎቶ አንስታለች... በስድስቱም ጉንጬ ተወጥሯል። በአንዱ ስክሪኑን እየተሳደብኩ ነው።

"አሳባቂ መኪና" አልኩ።

"አቦ፣ ምን አሳበቀ ትለዋለህ" አለችኝ፣ "ያየውን ነው የጻፈው።" አንተ ነው ያለችኝ፣ በልጄ ዕድሜ። ድሬ ናት፣ ምን ይደረጋል።

ሀጂ ወደ እኔ ዞረ። ከመሪ ውረድ፣ ግቢ ትጠብቃለህ አለኝ። ነገ ሽሬን ጥራው፣ ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አለ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው... አሮጊቷን ለምንድን ነው እንዲህ የምወዳት? ጠንካራ ስለሆነች? ሞተሯ ቀላል ስለሆነ? ተው ገብሬ። ሃያ ሁለት ዓመት አፏን ዘግታልህ ነው። ካሜራ ቢኖራት ኖሮ የዚያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ የተነሳሁት ፎቶ ይኖረኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሽሬ ጋ ሄድኩ። የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪ እየለጠፈ ነበር። የማዳበሪያውን ነገርኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሀጂ ይፈልግሃል አልኩት። ሳቀ! ማዳበሪያ! እያለ ሳቀ። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ሰውየው ደስ ብሎታል፣ ነገር አልቋል፣ ማን ያውቃል...

"የደንገጎውም" አልኩት። "ፍሬኑ አልተበላሸም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ማስቲሹን ክዳኑን ዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

"ፍሬኑን ረግጠኸው ነበር?"

"ስነቃ ገደሉ አፍ ላይ ነበርኩ። ረገጥኩት።"

"ያዘ?"

"ያዘ። ወደ ተራራው አጥፌ የቆምኩት በእሱ ነው።"

"ሙሉ ጭነት? ቁልቁለት ላይ?"

"ሙሉ ጭነት።"

አንድ ጊዜ ደግሜ እንድነግረው አደረገኝ። ነገርኩት። ከዚያ እጆቹን ገለበጠና አያቸው፣ መዳፉን፣ ጀርባውን። እንዲመታኝ ጠብቄ ነበር፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬን ነክቼ አላውቅም" አለ። "የወንድሜን ልጅ ታክሲ እንኳን። ሰው እገድላለሁ ብዬ።" በሶማሊኛ የሆነ ነገር ተናገረ፣ ለእኔ አይደለም። ሂድ አለኝ።

ከዚያ ወደ ሀጂ ሄጄ ለእሱም ተናገርኩ። የበርጫውም ሰው ይስማ ብዬ እዚያም ተናገርኩ። ማንም አላመነኝም መጀመሪያ። "ያለ ፍሬን" ዛሬ መርቅኗል አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አሮጊቷ ወደ ብረት ማቅለጫው ተጫነች። የመጡት ሰዎች ማስነሳት አቅቷቸው እኔን ጠሩኝ። ሽቦዋን አነካካሁላቸው።

እሁድ፣ የካቲት 1

ስሜ ተቀይሯል። "ማዳበሪያ" ሆኛለሁ። ዛሬ የግቢው ጥበቃ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሦስት ሰው በዚሁ ጠራኝ፣ ለሦስቱም አቤት አልኩ።

ሽሬ ከማክሰኞ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ሀጂ ይቅርታ ጠይቆት የግቢውን ጎማ መልሶለታል፣ ሲገባ ሲወጣ በአጠገቤ ያልፋል፣ ዞር ብሎም አያየኝም። እውነቱን ነው።

ከሰዓት ከሥራ ስወጣ በሱቁ በኩል ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ የሽንኩርት መኪና ቆሟል፣ የኋላ ጎማው ወልቆ። ከሥሩ የሰው እግር ብቻ ይታያል። የፍሬን ሸራው መሬት ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት በተርታ ተደርድሯል፣ አዲሱ ለብቻ፣ አሮጌው ለብቻ። ሹፌሩ ቆሞ ይጠብቃል። ማነው የሚሠራልህ አልኩት፣ እያወቅኩ። ሽሬ ነው አለኝ።

ጎንበስ አልኩ። ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ይዞ ብሎን ያጠብቃል። ሁለቱም እጁ ግራሶ በግራሶ ነው።

"ሽሬ" አልኩት፣ "እኔ ነኝ።"

ባትሪውን ከአፉ አወጣ። አላየኝም።

"ዞር በል" አለኝ፣ "ብርሃን ጋረድክብኝ።"

ዞር አልኩለት።