የወንድሜ ሞተር በእኔ ፊያት

እኔ ኃይለየሱስ ወልደሰንበት፣ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት፣ የአዳማ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። ልቤ እንደ ደከመ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ልጄ ማናሴ በዚህ ላይ ጥርጣሬ እንዳለው አውቃለሁ፤ እርሱ የሚጠቅሰው ማስረጃ ግቢ ውስጥ የቆመችው ፊያት ናት።

አንደኛ፤ መኖሪያ ቤቴ ለልጆቼ ለማናሴና ለሜቲ እኩል ይሁን። ማናሴ መሐንዲስ እንደ መሆኑ ባለፈው ፋሲካ ግቢውን በእርምጃ ሲለካ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ አስቀድሞ በማሰቡ አመሰግነዋለሁ። የእናታቸው የልብስ ስፌት መኪና በሕመሜ ወራት አጠገቤ ላደረችው ለሜቲ ይሰጥ።

ሁለተኛ፤ በመልካሳ እርሻ ምርምር ሠላሳ ሁለት ዓመት የቦሎቄ ዘር ስለይ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ለሚፈልጋቸው ሰው ይሰጡ። እስከ ዛሬ የፈለጋቸው ስለሌለ ክርክር ይነሣል ብዬ አልሰጋም።

ሦስተኛ፤ ስለ ፊያቷ። ይህ አንቀጽ ረዘም ስለሚል ምስክሮቹ ቢደላደሉ ይሻላል።

መኪናዋን እኔና ባለቤቴ ወርቄ በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ እጅ ገዛናት። በ2015 ዓ.ም. መባቻ ሞተሯ ዕድሜውን ጨርሶ ወደ ደራ በሚወስደው ዳገት ላይ አረፈ። ማናሴ ለቁራሌው ሽጬ እንድገላገል መከረኝ። ምክሩን የሰጠኝ ዐሥራ ሁለት ዓመት በእርሷ ትምህርት ቤት የተመላለሰው ልጅ ነው።

ዛሬ አንደኛ ምስክር ሆኖ የተቀመጠው መካኒክ መሐመድዘይን ግን የቶዮታ ሞተር ሊገጥምላት እንደሚችል ነገረኝ። ከተገለበጠ ኮሮላ ላይ የወጣ ጤነኛ ሞተር እጁ ላይ ነበር። «ሁለት ሳምንት ይበቃኛል፣ ጋሽ ኃይለየሱስ» አለኝ። ሦስት ወር ፈጀ። ሞተሩን ከነካምቢዮው አስገባ፤ የሞተሩን መቀመጫ ቆርጦ እንደገና በየደ፤ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፋ። ያም ሆኖ ኮፈኑ አልዘጋ ስላለ ቀዶት ከላይ የላሜራ ጉብታ ሠራበት። መኪናዋ ግንባሯን የተመታች መሰለች። ቁልፉን ሳዞረው ግን ወዲያው ተነሣች፤ የደራን ዳገትም በሦስተኛ ማርሽ ወጣች።

ደስታዬ የቆየው እስከ ዓመታዊው ምርመራ ድረስ ነው። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጠመም፤ የሞተሩ የቀድሞ ባለቤት ካልፈረመም ቦሎ እንደማላገኝ ተነገረኝ። ስሙን መሐመድዘይን ካስቀመጠው የሽያጭ ወረቀት ላይ አነበብኩ፦ ሰይፈሚካኤል ወልደሰንበት። አዳማ ውስጥ ስንት ኮሮላ እያለ!

ሰይፈሚካኤል ታላቅ ወንድሜ ነው። ሳንነጋገር ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኖን ነበር። እናታችን በ1997 ዓ.ም. ስታርፍ መሞቷን የሰማሁት በተቀበረች በሰባተኛው ቀን፣ ያውም ከአንድ ስኳር ነጋዴ ነው። ጴንጤ ሆነ ብለው ዘመዶቼ ስለሚሸሹኝ፣ ወንድሜ ሆን ብሎ ከለቅሶው እንዳስቀረኝ ወሰንኩ። ከሳሽም ዳኛም እኔው ስለ ነበርኩ ጉዳዩ በፍጥነት አለቀ።

ሊብሬውን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ስለ ሰላም ብዬ ሄድኩ ብል ደስ ባለኝ፤ የሄድኩት ስለ ቦሎ ነው። እርሱ ኮሮላው ሲገለበጥ ጉልበቱ ተጎድቶ ከዘራ ይዟል። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እፈርማለሁ» አለ። «ግን መኪና የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ፍል ውኃው ታደርሰኛለህ።»

ፈረመልኝ፣ ቦሎውንም አገኘሁ፤ ስምንት ቅዳሜ ተመላለስን። የተነጋገርነው «መስኮቱን ዝጋ»፣ «ዘግቼዋለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። በዘጠነኛው ቅዳሜ መልካሳን እንዳለፍን፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ «እናታችንን ለመቅበር ለምን አልመጣህም?» አለኝ።

መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩ። ማንም እንዳልነገረኝ ነገርኩት።

«በሞተችበት ጠዋት ቤትህ ደወልኩ» አለ። «ወርቄ አነሣች። አለቀሰች። እነግረዋለሁ አለችኝ።»

ዋሸህ ልለው አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ወርቄ የጸሎት ጉባኤ አለ ብላ፣ ሻንጣ አሰናድታ፣ በድንገት ሐዋሳ እንደ ወሰደችኝ ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀደም በአባታችን ለቅሶ ዘመዶች ከድንኳን አስወጥተውኝ ስለ ነበር፣ ያ እንዳይደገምብኝ የፈራችልኝ ይመስለኛል። እንዳልጠይቃት ካረፈች ቆይታለች። የበደለኝ ወንድሜ ነው እያልኩ ስኖር፣ ይህን ወቀሳዬን በየማታው የምታዳምጠኝ እርሷ ነበረች።

ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔም ሁለተኛ አልደወልኩም» አለ። የዚያን ዕለት ሶደሬ አልሄድንም፤ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው መንገድ ዳር ተቀመጥን።

ስለዚህ የመኪናዋ አካል ለሜቲ፣ ሞተሯ ለሰይፈሚካኤል ይሁን። አንዱን ከሌላው መፍታት አይፈቀድም። ሜቲ አጎቷን ሳታውቅ ያደገችው በእኔ ጥፋት ነውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየነዳች ትወቀው። ለማናሴ ከመኪናዋ ብሎን አይድረሰው፤ ምክሩን አልረሳሁም።

አራተኛ፤ ከወርቄ ጎን ቅበሩኝ። ተቀይሜያታለሁ፤ ሌላ ቦታ ግን አልፈልግም።

አምስተኛ፤ ሞቴ ለወንድሜ በስልክ አይነገር። ሜቲ ሄዳ ፊቱ ቆማ ትንገረው። እርሱ ሳይደርስ ቀብር እንዳይጀመር፤ ፓስተሩም ይጠብቅ።

ቃሌ ከላይ እስከ ታች በምስክሮቹ ፊት ተነቦልኝ፣ ያልኩት ይኸው ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ኃይለየሱስ ወልደሰንበት (ፊርማ)

ምስክሮች፦ መሐመድዘይን አብዱ፣ መካኒክ (ፊርማ)፤ ሑስና ከማል፣ ጎረቤት (ፊርማ)፤ ፈይሳ ጉደታ፣ የዕድር ሰብሳቢ (ፊርማ)፤ ጂቱ ዳዊ፣ ጡረተኛ ነርስ (የጣት አሻራ፤ መነጽራቸውን ስለረሱ)

የጸሐፊዋ የቤዚ ማስታወሻ፦ አቶ ሰይፈሚካኤል ስጦታ ተቀባይ በመሆናቸው ምስክር ሊሆኑ እንደማይችሉ ቢነገራቸውም ከክፍሉ አልወጡም። ንባቡ ሲያበቃ ለተናዛዡ «ሞተሩን አልቀበልም፤ አንተው እየነዳህ ውሰደኝ» ብለዋቸዋል። ይህም በተናዛዡ ጥያቄ ተጽፏል።