የምሥራቁ በር

ሰኞ

ዛሬም መለሷት። የአረጋውያን መጦሪያችን ነዋሪ ሮዝ ሲነጋጋ ተነሥታ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው የምሥራቅ በር ሄደች፤ እጀታውን ይዛ ቆመች። ሲስተር ሰብለ፣ አለቃችን፣ ጎትታ መለሰቻትና "ለማምለጥ ሞከረች" ብላ ጻፈች። በየጠዋቱ ያው ነው። ሮዝ የመርሳት ሕመም አለባት። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከኦጂብዌ ናት፤ ይህ ያለንበት ሚኒሶታ የአያት ቅድመ አያቷ አገር ነው። ወዴት ነው የምታመልጠው?

እናቴም ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞራ ነው የምትጸልየው አልኳት ሰብለን።

"አንቺ ልጅ፣ ነርስ ነሽ ወይስ ቄስ?" ረዳቶቹ ሳቁ።

ማክሰኞ

ሮዝን ካፖርት አልብሼ በምሥራቁ በር አወጣኋት። ከኪሷ የተቀደደ የሻይ ከረጢት አወጣች። ቅጠሉን በግራ እጇ ይዛ አንሾካሾከች፤ ዛፉ ሥር፣ በረዶው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ራሷ ተመልሳ ገባች። ቀኑን ሙሉ አልጮኸችም። ቁርሷን ጨረሰች!

ሰብለ ሪፖርት አደረገችኝ። እሑድ እሑድ በእኔ መኪና ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ሰብለ!

ረቡዕ

ከሥራ ታገድኩ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ፣ በንዴት አለቀስኩ። ነገ ቤተሰቧን ሰብስበው ሮዝን ወደሚቆለፈው ፎቅ ሊያዛውሯት ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒትም ጀምረውላታል። እማዬ "ተይ ልጄ፣ እንጀራሽ ነው" አለችኝ። አልተውም።

ሐሙስ

የሮዝን የእህት ልጅ፣ ዴብን፣ መግቢያው ላይ ጠብቄ የሻይ ቅጠሉን ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ትምባሆ አጥታ ነው። ጠዋት ትምባሆ መሬት ላይ አኑረን ነው የምንጸልየው። ስትገባ ነግሬያቸው ነበር፤ ማጨስ ክልክል ነው ብለው ወሰዱባት።"

ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "አንቺስ እስከ ዛሬ ለምን አልደወልሽልኝም?" አለችኝ።

ቢሆንም ስብሰባው ውስጥ ይዛኝ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ስለ ደንብ ሲያወራ አቋረጠችው። "አክስቴን መንግሥት በልጅነቷ ከቤቷ ወስዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ቆልፎባታል። ሁለተኛ አይቆለፍባትም።" ሰብለ ጠረጴዛውን ታይ ነበር።

ዓርብ

ዴብ ደወለች። ሮዝ ክፍሏ ውስጥ ቀርታለች። መድኃኒቱ ለጊዜው ቆሟል። ትምባሆዋ ተመልሶላታል፤ በየጠዋቱም የሚያወጣት ሰው ተመድቧል።

"ማን?" አልኳት።

"ሰብለ።"

እኔ እንደታገድኩ ነኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

የሮዝ ካፖርት የላይኛው ቁልፍ በቀላሉ አይገባም፤ ከውስጥ መያዝ አለበት። ካልተቆለፈ ብርዱ ደረቷን ይመታታል። ሰብለ ይህን አታውቅም። ራሷ ትድረስበት ብዬ ስልኬን ሳልነካ ብዙ ቆየሁ።

ኋላ ስለ ቁልፉ ቴክስት አደረግኩላት። አንብባዋለች። አልመለሰችልኝም።