በናዝራዊት ድንጋዮች ፊት ላይ ስለተጻፈው ቀይ ቁጥር

ለክቡር አቶ ገዱ ላቀው
የሊማሊሞ አፋፍ ማዕድን ማሠልጠኛ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ብሩሹን የያዘው ቀኝ እጅዎም እንደምን ሰነበታችሁ? የደባርቅ ብርድ ሁላችንን ሲያንዘፈዝፈን ያ እጅ ግን ቁጥር ሲጽፍ ቅንጣት እንዳልተንቀጠቀጠ በዓይኔ አይቻለሁና እግዚአብሔር ያጽናልዎ።

እንደሚያውቁት፣ ማለቴ ቢጠይቁን ኖሮ ያውቁት እንደነበረው፣ ተማሪዬ ናዝራዊት ከአዲ አርቃይ ቆላ በበቅሎ ያስመጣቻቸውን ድንጋዮች ቆርጣ፣ በሙጫ አጣብቃ፣ ከሻካራው ማለስለሻ ዱቄት ወደ ደቃቁ እያለፈች ክረምቱን ሙሉ ስታለሰልስ ከርማ ፊታቸውን መስታወት አስመስላው ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የመዳቡ ማዕድን ከብረቱ ቀድሞ ይሁን ተከትሎ እንደመጣ የሚነበበው በዚያ ፊት ላይ ብቻ ነው። ሐሙስ ጎንደር ላይ ለመመረቂያዋ የምትፈተነውም በዚሁ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፦

1. በንብረት ቆጠራው ሰሞን ተራ ድንጋይ ሳይሉ መዝግበው፣ ለእያንዳንዱ በቀይ የዘይት ቀለም ቁጥር ስለሰጡልን።

2. ጀርባው ይጎረብጣል፣ ጽሕፈትም አያምርበትም ብለው የተወለወለውን ፊት ስለመረጡልን። ወይ ጉድ! በማይክሮስኮፕ ብናይ ያገኘነው ማዕድን ቀይ ቀለም ብቻ ሆነ፤ ክምችቱም እጅግ ብዙ ነው።

3. ቀለሙን እንፋቀው ብለን ብንለምንዎ፣ የንብረት ቁጥር ያለ ኮሚቴ ውሳኔ መፋቅ እንደሚያስጠይቅ በትዕግሥት ስላስረዱን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለመስክ ሥራ ተራራው ላይ ሳንቃ በር ወጥተዋል፤ መቼ እንደሚወርዱ የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ግን እዚሁ ላቦራቶሪው ደጃፍ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና፣ ጌታዬ፣ አንጀቴ አርሯል።

ሌላም ነበረኝ፤ ነገር ግን የክቡርነትዎን ጊዜ መሻማት አልፈልግም፤ ገና ቁጥር ያልተቀቡ መስኮቶች አሉ።

ለማሠልጠኛችን ንብረት ያለዎትን ፍቅር እያደነቅሁ፣ ፍቅርዎ ግን በትንሹ እንዲቀንስልን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የምለምን፣

አለምነህ ደርቤ
የናዝራዊት አማካሪ መምህር

ማስታወሻ፦ ቀለሙን ፍቀነዋል፤ ፊታቸውንም በደቃቁ ዱቄት እንደገና አለስልሰነዋል። የራስዎ መመሪያ ቁጥር የሌለው ዕቃ የማሠልጠኛው ንብረት አይደለም ስለሚል፣ ናዝራዊት ንብረትነቱ የማንም ያልሆነውን ድንጋይ በዘንቢል ይዛ ዛሬ ጠዋት ጎንደር ገብታለች። ተጠያቂ ካስፈለገ የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ግንባሬ ላይ ይጻፉልኝ።