የጠፋው የዘጠነኛ ‹ሐ› ውጤት

ሐሙስ፣ ጥር 7፤ ከቀኑ 10፡00
ዛሬም መብራት ጠፋ። ሲመለስ የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የ9ኛ ‹ሐ› ውጤት የለም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እትዬ አለምነሽ ጠዋቱን ሙሉ ሲያስገቡ ነበር። ር/መምህሩ አላመኗቸውም። ሳያስገቡ ቀርተው ነው አሉ፤ ማስጠንቀቂያ ሊጽፉባቸው ነው። እትዬ «‹ተመዝግቧል› ብሎኛል እኮ!» እያሉ አለቀሱ። ማን ይስማቸው። ፕሮግራሙን የሠራው ወንድሜ ይትባረክ ስለሆነ አይሳሳትም ተባለ። ር/መምህሩ ለቅሶ የመጡ ዕለትም ለእናቴ እንዲሁ ነበር ያሏት፦ ልጅሽ ቢያልፍም ሥራው አለ። ኮራሁ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።
ይትባረክ ሲሠራ አጠገቡ እቀመጥ ስለነበር፣ እስቲ እየው ተባልኩ።

ዓርብ፣ ጥር 8፤ ከትምህርት በኋላ
አገኘሁት። ማስታወሻዬ፣ ምነው ባላገኘሁት።
እያንዳንዱ ውጤት ወዲያው ዲስክ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድደው ትእዛዝ እንዳይሠራ ተደርጓል። ማሽኑ ውጤቱን ለጊዜው ይዞ ‹ተመዝግቧል› ይላል፤ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ፕሮግራሙ ሲዘጋ ነው። እህሉ አውድማ ላይ እያለ ጎተራ ገብቷል እንደማለት። መብራት ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።
ከትእዛዙ ጎን ይትባረክ ጽፏል፦ «ማሽኑ ስለሚንቀራፈፍ ለጊዜው አጥፍቼዋለሁ። እመልሰዋለሁ።»
ወባ ቀጠፈው። መቼ ይመልሰው።

ዓርብ፤ 11፡30
መለስኩት። አምስት የውሸት ውጤት አስገባሁ፤ ሶኬቱን ነቀልኩ። ስክሪኑ ድርግም። ሳበራው አምስቱም አሉ! እፎይ።
አሁን ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሁለተኛ አይጠፋም። የይትባረክም ስም ንጹሕ።
እትዬስ?

ቅዳሜ፣ ጥር 9
ዝም ብያለሁ። እትዬ ከቡሬ ሚኒባስ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ስለ ራሳቸው አንድም አላነሡ፤ እናቴ በረታች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 13፤ ከቀኑ 9፡00
ተናገርኩ። ር/መምህሩ ቢሮ፣ እትዬ ባሉበት። ጥፋቱ የወንድሜ ነው አልኩ። የጻፈውን አሳየኋቸው። ር/መምህሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ቀደዱት፤ ተነሥተው እትዬን ይቅርታ ጠየቁ።
የይትባረክ ስም እስኪወድቅ እየጠበቅኩ ነበር። እትዬ ግን ሳቁ!
«እሱ እንደሁ ጫማውን ሳያስር ነበር የሚሮጥ! ነፍሱን ይማረው፣ የኔ ጌታ።»
እኔም ሳቅኩ። ከሞተ ወዲህ በእሱ ነገር ስስቅ የመጀመሪያዬ። ሁሉም ስለ እሱ እንደ ጻድቅ ሲያወሩልኝ የማላውቀው ሰው ሆኖብኝ ነበር። አሁን ተመለሰልኝ። ችኩሉ ይትባረክ። የኔው።
ነገ ከክፍል ስወጣ የ9ኛ ‹ሐ›ን ውጤት ከመምህሩ ወረቀት ላይ እኔ አነባለሁ፤ እትዬ ያስገባሉ። በእያንዳንዱ ስም ዲስኩ ላይ እስኪጽፍ ማሽኑ ትንሽ ይቆማል። ይቁም።