አቶ ሙላት የረሳው ቃል

ሰኔ ፯፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለቀበሌ ምክር ቤት እንዲመርጡኝ ሰዎችን ሳነጋግር፣ ወንበሩን ልነጥቀው የተነሣሁበት አቶ ሙላት ራሱ መጣ። ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ "ሴት ምን ታርሳለች" ብሎ የወንዝ ዳሩን ማሳዬን ለወንድሙ የሰጠብኝ እሱ ነው። ለሰው ስለ ምንጭ ውኃ እናገራለሁ እንጂ የተወዳደርሁት ለዚያ ቃል ነው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እቴ፣ ብታሸንፊ የወንድሜን ማሳ አትንኪበት፤ ልጆች አሉት" አለኝ።

እኔም ያኔ ልጆች ነበሩኝ።

"ያኔ ያሉኝን ይድገሙልኝና አስብበታለሁ" አልሁት።

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና፣ "ምን ብዬሽ ነበር?" አለ። የሚዋሽ አይመስልም። እውነትም ረስቶታል።

ማሳዬን ከመውሰዱ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። ነገ ቅስቀሳዬን ከጎረቤቶቹ እጀምራለሁ፤ ያለኝንም ቃል በቃል ለእያንዳንዳቸው እነግራለሁ።