ሽማግሌ የላክንበት በሶ

ሰኞ
እንየው ነው ያጠፋን። የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም እንየው፣ ሌላ ማንም አይደለም። ገብሱን የሚጭነው መኪና ዛሬም አልመጣም። አምስት መበለቶች የቆላነው ገብስ በማዳበሪያ ታስሮ ቤቴን ሞልቶታል፤ የቀረኝ የምተኛበት መደብ ብቻ ነው። መካነ ኢየሱስ ያለው ባለ ወፍጮ፣ ጥላሁን፣ "ይሁን ብሏል" ስለተባልን ነው የቆላነው። እኛ ገብሱንና ሙያውን፣ እሱ ወፍጮውንና ሱቁን አዋጥተን በሶ አብረን ልንሸጥ። እኔ ራሴ ሄጄ ላነጋግረው ነበር። እንየው "ሴት ራሷ ሄዳ ትጠይቃለች? እንደ ደንቡ ሽማግሌ ይላክ" አለ። ዝም አልሁ። ምን ዘጋኝ?

ማክሰኞ
መኪና የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። አብራን የቆላችው ድንቄ ደጃፌ ላይ ቆማ "ሙሽራው ዛሬም ቀረ?" አለችኝ። ሽማግሌ ከላክን ወዲህ ጥላሁንን ሙሽራው እያልን ስንሳሳቅ ነው የከረምነው። ዛሬ እሷም አልሳቀችም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ማዳበሪያው አልሞላ ሲላት የዘሩንም ገብስ ቆልታዋለች። የዘሩን። መሬቷ ታርሶ ዝናብ ነው የሚጠብቀው። አሁን ምን ትበትንበታለች? ቂጣ አቀረብሁላት። አልቀመሰችም።

ረቡዕ
እንየውን አስጠርቼ፣ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ ከጥላሁን ጋር ምን እንደተባባሉ አስነገርሁት። ደስ እያለው ነገረኝ። ከደብራችን ቄስ ጋር ሦስት ሆነው ገቡ። ተቀመጡ ቢላቸው "እሺ ካላልኸን አንቀመጥም" አሉ። እንደቆሙ ጉዳዩን ተናገሩ። "እናንተን እንዴት እምቢ እላለሁ፣ ይሁን" አላቸው። መረቁት፣ ጠላ ጠጡ፣ ተመለሱ።
"ወፍጮውን አያችሁት?"
"ይሁን ካለ ወዲያ ምን ይታያል?"
"መኪናውን የሚልከው ማን ነው? ትርፉስ እንዴት ይካፈላል?"
"እቴ፣ ይህን ሽማግሌ አያነሳም፣ ነውር ነው።" ሲወጣ ደግሞ "ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ ሰው ማመን ተውሽ" ብሎኝ ሄደ። የጎዳኝስ ሰው ማመን አለመተዌ ነው።

ሐሙስ
መካነ ኢየሱስ ሄድሁ። መንገዱ ወገቤን ቆረጠው። ከቆላነው ጥቂት በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዣለሁ።
ጥላሁን ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጭር ብሏል። ሞተሩ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ፣ ገና ከፋሲካ በፊት ተቃጥሎ፣ ተፈታትቶ መሬት ላይ ተበትኗል።
"እማማ፣ ቄሱ በዚያ ዕድሜያቸው ቆመው ሲለምኑኝ በፊታቸው እምቢ ማለት ከበደኝ" አለኝ። "ይሁን ያልሁት እንዲቀመጡ ብዬ ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲመጡ ሁሉን አሳያቸዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም ሳይመጣ ቀረ።"
"ስልኩንስ?"
"አንስቼ ምን እላለሁ?" አንገቱን ደፋ። "እርስዎ መጥተው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አልችልም እልዎት ነበር።"
ቋጠሮዬን ፈትቼ አቀመስሁት። አኝኮ "ደህና አድርጋችሁ ቆልታችሁታል" አለ። ሳልመርቀው ወጣሁ።

ዓርብ
ለሴቶቹ ነገርሁ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አንዷ "እንግዲህ ክረምቱን በሶ ስንበላ ልንከርም ነው" አለች። ድንቄ "ከርሞስ?" አለች።
ለዘር ያስቀመጥሁትን ገብስ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለድንቄ ሰጠኋት። የእኔ መሬት ግማሹ ጦም ያድራል፣ የእሷም እንደዚሁ። አንገቷን አቀርቅራ ተሸክማ ሄደች።

ቅዳሜ
ቆሎውን ገበያ አወጣሁት። አገራችን ወገዳ ውስጥ በቤቱ ገብስ የማይቆላ ማን አለ? የዘገኑት ቀመሱ፣ ሄዱ። መልሼ ተሸከምሁት።
ማታ እንየው መጣ። "ሌላ ሽማግሌ እንላክ፣ በቃሉ እንዲጸና ቄሱ ይገዝቱት" አለኝ። በተፈታታ ሞተር ላይ ግዝት። ሰውየው ፊት ለፊት እምቢ እንዳይለን እኛው አፉን ዘግተንበት፣ እንደገና ልንዘጋበት። ተቀመጥ ሳልለው ከበር መለስሁት። "ደንቡ እኮ ነው" እያለ ወረደ።
ሰማዩ ወደ ስማዳ ቆላ በኩል ጠቁሯል። ዘሩ ይብቃ አይብቃ አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ እምቢ የሚለኝ ሰው እኔኑ አይቶ እምቢ ይበለኝ። ለራሴ ጉዳይ ከእንግዲህ ሽማግሌ አልልክም።